የዘሃራ እግር የተሰበረበት ቦታ

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ አዲሱ ኃላፊያችን ወደ ቆዳ ክፍል መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሳያንኳኳ አይገባም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእንጨት እግር በእርሳሱ እያመለከተ፣

«ወይዘሮ አስካለ፣ ይሄ ይጣል ወይስ ይፈልጉታል?» አለኝ።

ክፍሉ ለፕላስቲክ እየተለቀቀ ነበር። የዋንዛው ግንድ፣ የኮላው ድስት፣ የጥሬ ቆዳው ጥቅል ሁሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተቆልሏል። ዛሬ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራው በሙቀት ከሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው፤ ዝናብ አያሳብጠውም፣ ነቀዝ አይበላውም። በዚህ አልከፋም። የተሰበረ እግር ይህን ያህል ዘመን ለምን እንደተሰቀለ ግን ልጁ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም ቆመን የምንጨርሰው ወሬ አልነበረም።

«እፈልገዋለሁ» አልኩና በጋዜጣ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጥቅሉን አየት አድርጎ፣ «ማዘር፣ ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«እግር ነው።»

«የበሬ ነው የበግ?»

«የሰው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሥራ ዘመኔ ይዤው የወጣሁት ዕቃ እሱ ብቻ ነውና፣ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የከረጢት አፍ እሰፋ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ከምሳ አዳራሹ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ጎልማሳ ሁሉ «ሀ» አልን። ከዚያ ወዲያ አላቆምኩም። በማታው ትምህርት ቀጠልኩ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳላነብ አልጥልም ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ስህተት አይምርም። ስብሰባ ላይ ከተሰቀለው መፈክር አንድ ፊደል ጎድሎ ሳይ እጄን ይበላኝ ነበር። እጅ ማውጣት ግን በዚያ ዘመን ሌላ ነገር ነው። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ያን ዘመን ላላየው ሰው እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም። ሰው ሻይ ሲጋብዝህ «ምን ሊያወጣጣኝ ነው?» ትላለህ። ሳይጋብዝህ ሲያልፍ ደግሞ «ምን ሰምቶብኝ ነው?» ትላለህ። እኔ በተፈጥሮዬም ዝምተኛ ስለሆንኩ ዝምታዬን ራሱን የሚጠረጥሩ ነበሩ። «መጽሐፍ የምታነብ ሰፊ» ይሉኝ ነበር፤ ስድብ ይሁን ጥቆማ ሳይለይልኝ ኖርኩ።

በምሥራቅ የተደረገው ጦርነት ብዙ ቁስለኛ አወረደብን። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ቆርቆሮ በለበሰ አዳራሽ ውስጥ፣ እግርና ክራንች የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። እጇ ጠንካራ የሆነች ሰፊ ይፈልጋሉ ተባለና ተዛወርኩ። ደመወዙ ከፋብሪካው እምብዛም አይሻልም፤ የዝውውር ወረቀቱ ግን በማኅተም ብዛት ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

እዚያ ጋሽ መኩሪያን አገኘሁ።

ጋሽ መኩሪያ የባቡር ፉርጎ አናጢ ነበሩ። ፉርጎ ሲሠሩ አርጅተው፣ ወደ እግር ሥራ የመጡ ሰው ናቸው። ወፍራም ጣት፣ ቀጭን ድምፅ። ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ነገር ሲበዛ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ክዳን ይመስል። የሚጠረጥሩት እንጨትን ነበር። የዋንዛ ግንድ ሲመጣ ጆሯቸውን ለጥፈው በጣታቸው አጥንት ያንኳኳሉ። «እንጨት ሁሉ የደበቀው ነገር አለው፤ ወይ ጉጥ ነው፣ ወይ ትል ነው፣ ወይ ስንጥቅ» ይሉ ነበር።

እግሩ የሚለካው እንዲህ ነው። የተቆረጠው ጉማጅ እግር የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ እኛ ኩባያ እንለዋለን። ጋሽ መኩሪያ ጉማጁን ጥላሸት ይቀቡና ኩባያው ውስጥ ያስገባሉ። ሲወጣ የጠቆረው የእንጨት ቦታ ቆዳውን የሚነካ፣ የሚያቆስል ነው፤ እሱን በመሮ ያነሳሉ። ደግሞ ይቀባሉ፣ ደግሞ ያነሳሉ። ከዚያ ሰውየውን «ተራመድ» ይሉና ጀርባቸውን ሰጥተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ጋሼ፣ ሳያዩ?» አልኳቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«እግር የሚታየው በጆሮ ነው። ዓይን ይሉኝታ አለው፤ ቁስለኛ ሲራመድ አይቶ ደስ ይለዋል። ጆሮ ይሉኝታ የለውም።»

«አለቀ» ብለው አያውቁም። ያማረውንም ያላማረውንም «ለጊዜው ይሂድ» ብለው ነው የሚሸኙት።

የመጀመሪያ ሥራዬን፣ ጭን ላይ የሚታሰር ጠፍር ነበር፣ በኩራት አቀረብኩላቸው። ወደ መስኮቱ ወስደው አገላበጡት። «ስፌትሽ ያምራል» አሉና በቢላ መሃሉን ቆረጡት። «የሚያምር ስፌት ለትራስ ነው። ይሄ ሰው ከነተስፋው የሚንጠለጠልበት ነው። ክሩን ሰም አጠጪው፣ ወስፌውን አቅጥኚው፣ ደግመሽ አምጪ።» በልቤ ሰደብኳቸው። ደግሜ አመጣሁ።

አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ያለ እሱ የሚቀጥለው አይገባም። የእንጨት እግር እንዲቀል ውስጡ ተፈልፍሎ ባዶ ይደረጋል። ባዶ እንጨት ደግሞ ብቻውን ሰው አይሸከምም። ስለዚህ ርጥብ ጥሬ ቆዳ ይለብሳል። እኔ ከኋላ በጅማት እሰፋዋለሁ፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲደርቅ እየጠበበ እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል፣ እንደ ከበሮ። ጉልበቱ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ቆዳው የተነካ እግር ሲሰበር በተነካበት በኩል ነው የሚሰበረው።

ከዕለታት አንድ ቀን አካል ጉዳተኞች ለአገራቸው ሊወዳደሩ ወደ ውጭ ይወጣሉ ተባለና ቡድን ተመሠረተ። የፋብሪካው ሜዳ ላይ ይለማመዱ ጀመር። ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች፣ በልጅነት ልምሻ የያዛቸው፣ ከጓደኛው ጋር በገመድ እጅ ለእጅ ታስሮ የሚሮጥ አንድ ዓይነ ስውር። ዕቃቸው ሁሉ በኛ ላይ ወደቀ። የተሽከርካሪ ወንበር ማሰሪያ፣ የጦር እጀታ ክር፣ የእግር ጠፍር ኃላፊ እኔ ሆንኩ። እውነተኛው የውድድር ጦር ለጉዞ ተቆልፎበት ስለነበር ልምምዱ በቀርከሃ ነበር፤ ጫፉ ላይ ብረት አስረን።

ዘሃራን ያየሁት እዚያ ነው። አባቷ ሰይድ ከወሎ መጥቶ ሳሪስ የሰፈረ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እሷ ሕፃን ሳለች ጣቢያው ላይ ቆሎ ስትሸጥ የባቡር ጎማ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ወሰደባት። አሁን የጎረምሳ ክንድ ያላት ልጅ ሆናለች። ጦር ወርዋሪ ነች። በቀኝ እጇ ስትወረውር በመጨረሻዋ ቅጽበት ያን ሁሉ ሩጫና ክብደት ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ግራ እግር ነው። የኛ እግር ማለት ነው።

አፏም እንደ ክንዷ ነው። አንድ እግሩን ግንባር የተወ አሥር አለቃ፣

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ ቀስ! ደብረ ዘይት ያለ ሰው እንዳትወጊ!» ሲላት፣

«አንተ በጥይት የሳትከውን እኔ በቀርከሃ ልሞክርልህ ብዬ ነው» አለችው። ሜዳው በሳቅ ተንከተከተ። ሁሉም ሲስቅ ያልሳቀው ጓድ ግርማቸው ነበር።

ጓድ ግርማቸው ቡድኑን እንዲከታተል የተመደበ ካድሬ ነው። ስለ ሩጫም ስለ ውርወራም አይጠይቅም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን ይቀራል? ከዚህ በፊት ከወጡ ሰዎች ያልተመለሱ ነበሩ። የዘሃራ ታላቅ ወንድም ደግሞ ድንበር ተሻግሯል።

ጉዞው ሲቃረብ ዘሃራ ወደ እኔ መጣች። ከባንኮው ላይ ወስፌዬን አንስታ እያገላበጠች፣

«እትዬ፣ ትርፍ ጠፍር ስጪኝ» አለችኝ።

«አንድ ትርፍ ሰጥቼሻለሁ።»

«አንድ አይበቃኝም።»

«ጉዞው አጭር ነው፤ ምን ልታደርጊበት?»

«ጠፍር ነው እትዬ፣ ይበጠሳል። ስፌቱንም አሳዪኝ፤ ራሴ ልጠግን።»

እጄ ላይ ያለው ክር ቆመ። ያ መሥሪያ ቤት ገብቶ የሄደ ሰው ሁሉ ጠፍሩ ሲበጠስ እኛ ዘንድ ይመለሳል። ስፌቱን አሳዩኝ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጠፍር መጠገን የሚማር ሰው ወደ ጠጋኙ የማይመለስ ሰው ነው። ጠፍሩን ሰጠኋት። ስፌቱን «ነገ» አልኳት።

ለጋሽ መኩሪያ ነገርኳቸው። በሩን ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ልትቀር ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ትርፍ ጠፍር ጠየቀችኝ። ስፌት አስተምሪኝ አለችኝ።»

መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ጠፍሩን ሰጠሻት?» አሉኝ።

«ሰጠኋት።»

«ስፌቱንስ?»

«አላሳየኋትም።»

«አሳዪያት» አሉና ወደ መሮአቸው ተመለሱ።

በዚያው ሳምንት ጓድ ግርማቸው እያንዳንዱ ተጓዥ ዋስ ይጥራ አለ። ዋስትናው በገንዘብ አልነበረም፤ ሰውየው ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል። ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ግን ማንም ደፍሮ አልጠየቀም። የሰፈራችን አንድ አስተማሪ ለወንድሙ ዋስ ሆኖ፣ አንድ ጠዋት በቤት ልብሱ ተወስዶ፣ ሚስቱ ጫማውን ይዛ ስትንከራተት አይተናታል።

ሰይድ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። «እኔ ልፈርም፣ ልጄ ናት።»

«አባት ለልጁ ዋስ አይሆንም» አለ ጓድ ግርማቸው። «ያውም አንዱ ያመለጠበት አባት።»

ሰይድ ዞሮ እኛን አየን። እያንዳንዳችን የምናየው ነገር አገኘን፤ እኔ ወስፌዬን አየሁ። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ከኮላው በጨርቅ ጠርገው ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ፈረሙ። ሰይድ «አላህ ይክፈልህ» ሊል ጀምሮ አልጨረሰውም።

ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ሐዲዱን ተሻግረን፣ «ጋሼ፣ ብትቀርስ?» አልኳቸው። ሚስት አላቸው፣ ያልደረሱ ልጆች አሏቸው።

«እግሯን የወሰደው የኛ ባቡር ነው።»

«ባቡሩን እርስዎ አልነዱት!»

«ፉርጎውን ሠርቼዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩ።

የመጨረሻው ልክ ዕለት ጋሽ መኩሪያ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘሃራ ከግድግዳ ግድግዳ ተራመደች። በእኔ ጆሮ ምንም አልገባም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ገለጡ።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«አውልቂው። ነገ ትወስጂዋለሽ።»

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «ኧረ ጋሽ መኩሪያ፣ ተመችቶኛል እኮ! ወላሂ ተመችቶኛል።»

«ለኔ አልተመቸኝም።»

በክራንች ወጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ አየች፣ ግቢው መሃልም ዞራ አየች። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋሽ መኩሪያ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። በሥራ ዘመኔ በራቸውን ሲቀረቅሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከውጭ የትንሽ መጋዝ ድምፅ፣ ቀጥሎም የሚፋቅ ነገር ይሰማኛል። ሲወጡ «ማረፊያዋን አስተካከልኩ» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። እግሩን አንስቼ ወደ መደርደሪያው ስወስድ ከበድ አለኝ። በትንሹ ነው። የእጄን ልክ አውቃለሁ። ግን ለማን እነግራለሁ? የምነግረው ሰው ራሱ ጋሽ መኩሪያ ነበር።

በማግሥቱ ዘሃራ እግሯን አደረገች፤ ጠፍሯን አስራ፣ ፈትታ፣ እንደገና አሰረች።

መሄጃቸው ሁለት ቀን ሲቀረው ጓድ ግርማቸው ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። «እግሮቹ ይፈተሹ» አለ።

ጋሽ መኩሪያ፣ «ጓድ፣ እግር ሳጥን አይደለም። ከተከፈተ ጉልበቱ ይሄዳል» አሉ።

«ውስጡ ባዶ ነው ትላላችሁ?»

«ባዶ ነው።»

«እንግዲያው ባዶነቱ ይታያ! ባዶ ነገር ምን ያስፈራዋል?»

መጀመሪያ የወታደሮቹ እግሮች ቀረቡ። ጋሽ መኩሪያ መጋዙን «እኔ ልያዝ» ብለው፣ ከባቱ ላይ፣ እንጨቱ ከሚወፍርበት፣ ቆዳውም በቀላሉ ከሚጣፍበት ቦታ ትንሽ መስኮት ከፈቱ። ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን ከዚያ እከፍት ነበር። ሰዎቹ ባትሪ አብርተው አዩ፣ ባዶ ነው፣ ተዘጋ። የዘሃራ ተራ ደረሰ። ጓድ ግርማቸው ከላይ በኩባያው በኩል አበራ፤ ወለሉ ድፍን እንጨት ነው። «ከታችስ?» አለ።

ጋሽ መኩሪያ እግሩን ገልብጠው መጋዙን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሳረፉ።

ከሁሉ ቀጭኑ ቦታ ነው። ስትወረውር ጭነቱ ሁሉ የሚወርድበት ነው። አፌን ከፈትኩ፤ «ጋሼ፣ ከባቱ ቢሆን...»

«ክር አምጪ» አሉኝ።

ንግግሬን አቋርጠውኝ አያውቁም ነበር። ክር አመጣሁ። ጓድ ግርማቸው በመስኮቱ ውስጥ አበራ፣ አጎንብሶ አየ፣ ጣቱን ከተተ። «ባዶ ነው» አለ፣ የተቀማ ሰው ይመስል። ዘሃራ ጥግ ላይ በክራንቿ ተደግፋ ቆማለች፤ የምታየው እግሩን አልነበረም፣ ጋሽ መኩሪያን ነበር።

የተጣፈው ቆዳ ጥላ ውስጥ ሳምንት መሰንበት ነበረበት። ሳምንት የለም። ከምድጃው አጠገብ አደረቅነው። ጋሽ መኩሪያ አንኳኩተው ሰሙትና «ለጊዜው ይሂድ» አሉ። የዘወትር ቃላቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን የዘወትር አልነበረም።

ቡድኑ በመፈክር ተሸኘ። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። ከበራችን ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ የሚያነብ ሰው ገጹን ይገልጣል፣ እሱ አይገልጥም። ጋሽ መኩሪያ እንደ ወትሮው ይሠራሉ። አንድ ቀን ብቻ መሣሪያዎቻቸውን አንድ በአንድ ቀብተው ካስቀመጡ በኋላ፣ «አስካለ፣ ይህቺ መሮ ወደ ግራ ትስባለች፤ ስትይዣት እወቂባት» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኝ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ።

የመመለሻው ቀን አውቶቡሱ ፋብሪካው ሜዳ ላይ ቆመ። ጓድ ግርማቸው በሩ አጠገብ ነው። ዓይነ ስውሩ ሯጭ ወረደ፣ ጓደኛው ወረደ፤ ወታደሮቹ ወረዱ፣ የተሽከርካሪ ወንበሮቹ ወረዱ። ሰይድ ከኋላዬ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማኛል። በሩ ባዶ ሆነ። ከዚያ አንድ ክራንች ወጣ፣ ከክራንቹ በኋላ ዘሃራ። እግሯን እንደ ዳቦ በብብቷ ይዛዋለች፤ ለሁለት ተሰንጥቆ በኔ ጠፍሮች ተጠፍሯል።

ጋሽ መኩሪያ ከአዳራሹ በር አልተንቀሳቀሱም። እሷ ወደሳቸው ሄደች።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ዕቃዎን አምጥቼልዎታለሁ።»

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

ለተሰበረ እግር ከሚገባው በላይ ተያዩ። ያን አየሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ያን ሰሞን ዘሃራ ወሬውን እያሳመረች ታወራ ነበር። ከውድድሩ በፊት ሐኪሞች ጉማጇን በሜትር ለክተው፣ አገላብጠው፣ የትኛው ምድብ እንደምትገባ ተከራክረውባት ነበር። «እዚህ እግሬ ውስጥ ዕቃ አለ ተብዬ ተጠረጠርኩ፤ እዚያ ደግሞ ትርፍ እግር ደብቃለች ብለው ሊፈትሹኝ ምንም አልቀራቸው!» እያለች ታስቃለች። የመጀመሪያው ውርወራዋ መልካም ነበር። በሁለተኛው ግራ እግሯን ስትተክል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲገነጠል የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ወደቀች። ለሦስተኛው እግሩን በትርፍ ጠፍሮቹ ጠፍራ፣ ሳትሮጥ፣ ቆማ ወረወረች። ሦስተኛ የወጣችው ሴት የወረወረችውን ርቀት ዘሃራ እዚህ ሜዳ ላይ በቀርከሃ ታልፈው ነበር። እኔ ራሴ በገመድ ለክቻለሁ።

ስብሰባ ተጠራ። «የሙያ ጉድለት» ተባለ። የወታደሮቹ እግሮች በደኅና ተመልሰዋል፤ የተሰበረው የዘሃራ ብቻ ነው። ማን ሊከራከር? ጋሽ መኩሪያ ተነስተው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ብለው ተቀመጡ። ከክፍል ኃላፊነታቸው ወረዱ። ዘሃራን ዳግመኛ አልላኳትም።

የተሰበረውን እግር ከባንኮአቸው በላይ ሰቀሉት፤ ስብራቱን ወደ ውጭ አድርገው። አዲስ ሠልጣኝ በመጣ ቁጥር «ይህ እግር ለምን ተሰበረ?» ይሉታል። «ቆዳው ሳይደርቅ ወጣ» ይላል አንዱ። «የተከፈተበት ቦታ መጥፎ ነው» ይላል ጎበዙ። «እሺ» ይላሉ።

እኔ ግን ሌላ መልስ ነበረኝ፤ ለዓመታት ይዤው ኖርኩ። እንጨት አታሏቸው የማያውቅ ሰው፣ የሌሎቹን ሁሉ ከባቱ የቆረጠ ሰው፣ የሷን ብቻ ለምን ከቁርጭምጭሚቱ ቆረጠ? በሩን ቀርቅሮ ምን ሠራ? ፈርመው ነበር። ልትቀር እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እግሯ የተሰበረ ሰው ሩቅ አይሄድም። ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ፈርቶ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ከሳቸው ጋር ሽሮ እየበላሁ፣ ከሳቸው መሮ መያዝ እየተማርኩ፣ እጠረጥራቸው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለታችን ብቻችንን ሳለን፣ «ጋሼ፣ ያንን እግር ለምን ከታች ቆረጡት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «የት ልቁረጠው ነበር?» አሉኝ፤ ፈገግ ብለው። ከዚያ መዳፋቸው አፋቸው ላይ ሆነ። መልስ አልሰጥም ያሉ መሰለኝ።

መንግሥት ተለወጠ። ጋሽ መኩሪያ ጡረታ ወጡ፤ መሮዋን ሰጥተውኝ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። ለቅሶው ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ዘሃራ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሳሪስ ገበያ ሱቅ ከፍታለች፣ ወፍራለች፣ ልጆች ወልዳለች። ጆሮዋ ላይ የድሮ የወርቅ ጉትቻ አለ።

«እትዬ፣ ያኔ ልቀር ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ጠፍሩን ስጠይቅሽ ያየሽኝን አስተያየት አልረሳውም።» ጉትቻዋን ነካ አደረገች። «ይሄን እናቴ ሰጠችኝ፤ ይሄንና የአንገቷን። እዚያ ሸጠሽ ኑሪበት አለችኝ። በጨርቅ ቋጥሬ በኩባያው ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ ባዶው ከተትኩት። ጋሽ መኩሪያ 'አውልቂው' ሲሉኝ አለቀልኝ አልኩ።»

እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ።

«በማግሥቱ ሳደርገው የኩባያው ወለል ተቀይሮ ቀዳዳው በእንጨት ተደፍኗል። ሰርቀውኛል አልኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ወይም ለካድሬው ሊሰጡኝ ነው አልኩ። መጠየቅ አልችል። ካድሬው መጋዝ ሲል ቆሜ የሞትኩት ሞት... ከታች ሲቆርጡት ባዶ ሆነ። ወርቄ የለም፤ በቃ ተወስዷል አልኩ። እንኳን ከወርቁ ጋር፣ ያለ ወርቁም እቀራለሁ ብዬ ሄድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ተሰበረ። መልበሻ ክፍል ወስደው አስቀመጡኝ። ጠፍሩን ልጠፍር ስከፍተው ቋጠሮዬ ወደቀ። ባቱ ላይ ነበር እትዬ። ከላይ አንድ ሳንቃ፣ ከታች አንድ ሳንቃ፤ መሃሉ እንዳይንኳኳ በጥጥ ተጠቅጥቆ። የኛ ፋብሪካ ጥጥ።» በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። «ሰውዬው እንደምቀር አላወቁም ብዬ ነበር የሄድኩት። ሳያውቁ የፈረሙ ሽማግሌ ናቸው፣ የዋህ ናቸው፣ ምን አደርጋለሁ ብዬ ራሴን አሳምኜ። ያንን ጥጥ ሳይ... ያላወቀ ሰው ጥጥ አይጠቀጥቅም። አውቀው ዝም ያሉትን ሰው እንዴት አድርጌ ልተዋቸው? እግሩ ባይሰበር አላየውም ነበር። ቀርቼ ነበር።»

እኔም የማታውቀውን ነገርኳት። ስለ ጠፍሩ የነገርኳቸው ከመፈረማቸው በፊት እንደነበረ።

ከድንኳኑ ውጭ ሰዎች ስለ ቀብሩ ሥርዓት ያወራሉ። ዘሃራ እጄን ይዛ ቆየች።

በማግሥቱ ሥራ ስገባ እግሩን ከግድግዳው አወረድኩት። ለዓመታት ስብራቱን አይቻለሁ፣ የመጋዙን ጠርዝ በሐሳቤ ለክቻለሁ፣ የተጣፈውን ቆዳ መርምሬያለሁ። እጄን ወደ ውስጥ ከትቼ አላውቅም ነበር። ከተትኩ። ባቱ ላይ፣ ከላይና ከታች፣ ሳንቃዎቹ ይቀመጡባቸው የነበሩት ሁለት ቦዮች አሉ። በጣቴ ዞርኩባቸው። ሻካራ ይሆናሉ ብዬ ነበር፤ በአንድ ምሳ ሰዓት፣ በተቀረቀረ በር፣ በፍርሃት የተሠራ ነገር ነው። አይደሉም። ማንም ሊያየው የማይገባውን ቦታ ጋሽ መኩሪያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰውታል።